የሰልፍ ጫማ አጠራረግ፦ ከአቧራ ማራገፍ እስከ መስታወት

ዩኒፎርሙ በደንብ ተተኩሷል። ቁልፎቹ ያበራሉ። ማዕረጉም ቦታውን ይዟል። ጫማው ግን ደብዝዟል። ለፍተሻ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የአለቃው ዓይን ወዴት ቀድሞ እንደሚወርድ አይጠፋውም። ወታደርም ሁኑ ፖሊስ፣ አብራሪም ሁኑ የማርሽ ባንድ አባል፣ ጫማ ላይ ይቅርታ የለም።

ብዙ ሰው ጫማን የሚያበራው ጉልበትና የቀለም ብዛት ይመስለዋል። ከቆርቆሮው በጣቱ ዝቆ ይለድፋል፤ ከዚያ ላቡ ጠብ እስኪል ይፈትጋል። የሚያገኘው ዝልግልግ ያለ፣ የሱሪ ጫፍ የሚያቆሽሽ፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላ አቧራ የሚለብስ ጫማ ነው። ሥራው የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ ቀለም ትንሽ፣ እጅ ቀላል፣ ትዕግሥት ብዙ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቆዳ ስታዩት ልሙጥ ቢመስልም ላዩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳና ጉብታ አለው። ብርሃን ሲያርፍበት በየአቅጣጫው ስለሚበተን ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ሰም ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ላዩን ሲደለድለው ብርሃኑ ሳይበተን ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። ሰሙ ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው በማሟሚያ ፈሳሽ ተለውሶ ነው። ስስ ሆኖ ሲቀባ ፈሳሹ ቶሎ ተንኖ ሰሙ ይጠነክራል። ወፍሮ ሲቀባ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፤ ቀጣዩን ቅብ ስትደርቡበት የታችኛው እየተላጠ ይነሳል። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ በዚህ ነጥብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ጫማችሁ ከምን ተሠራ?

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን እወቁ። የሥነ ሥርዓት ጫማ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልሙጥ የተፈጥሮ ቆዳ ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ወይ ላዩ ላይ ጠንካራ ሽፋን የተቀባ ፓተንት ሌዘር፣ ወይ ጭራሽ ቆዳ ያልሆነ ሰው ሠራሽ ነገር። ከሰው ሠራሾቹ ዝነኛው ኮርፋም ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳየው፤ ገበያ ላይ ብዙም አልዘለቀም፣ በ1971 እ.ኤ.አ. አቆመው። ስሙ ግን ቀረ። አሜሪካ ውስጥ ወታደሮች ዛሬም የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ የደንብ ጫማን ኮርፋም ነው የሚሉት።

መለየቱ ቀላል ነው። ጫማውን አጠፍ አድርጋችሁ መታጠፊያው ላይ ያለውን መስመር ተመልከቱ። ሽፋን ያለው ጫማ መጨማደጃው ውስጥ ሳይቀር ያበራል፤ በጥፍር ጀርባ ቆርቆር ስታደርጉት ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ጫማችሁ ከዚህ ወገን ከሆነ ሥራችሁ አጭር ነው። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን አንሱ፤ ካስፈለገ አንድ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጨምሩ፤ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ፤ በቃ። ሰም አትቀቡት። ሽፋኑ ሰሙን ስለማይጠጣው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ያደበዝዘዋል። ከሌላ ቀለም ጫማ ጋር ተነካክቶ እንዲቀመጥም አትፍቀዱ፤ ቀለም ይወስዳል፣ የወሰደውን ደግሞ አይመልስም።

ከዚህ በኋላ ያለው በሙሉ ለተፈጥሮ ቆዳ ነው። ሌላው መታየት ያለበት የክፍላችሁ ደንብ ነው። መስታወት የመሰለ አፍንጫ የሚጠይቅ አለ፣ ንጹሕና የተቦረሸ ከሆነ የሚበቃው አለ። ሳይጠየቅ ሌሊቱን ሙሉ መድከም ምን ያደርጋል?

ምን ያስፈልጋል?

ዋናው ዕቃ በክብ ቆርቆሮ የሚሸጠው ጠጣር የሰም ቀለም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኪዊ በ1906 እ.ኤ.አ. ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ስሙን ያገኘው ከኒውዚላንዷ ወፍ ሲሆን የመሥራቹ የዊልያም ራምሴ ባለቤት የዚያ አገር ሰው ነበረች። የምርቱ ዓይነት ያን ያህል አያጨናንቃችሁ፤ ቁም ነገሩ ሰም ያለበት መሆኑ ነው። ጥሩ ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ ካርናውባ የተባለ ሰም አለ። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም ነው፤ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የመጀመሪያው ጥንካሬና ብርሃን ይሰጣል፤ ሁለተኛው እንደ ልብ እንዲለጠጥ ያደርጋል።

በብልቃጥ የሚመጣው ክሬም ቀለም ሌላ ነገር ነው። ሰሙ አነስተኛ ስለሆነ መስታወት አይሠራም፤ የደበዘዘ ቀለም ይመልሳል፣ ቆዳውንም ያረጥባል። ጫፉ ላይ ስፖንጅ ያለውን ፈሳሽ ቀለም ግን ለሰልፍ ጫማ ባትነኩት ይሻላል። ባንድ ደቂቃ ያበራል፣ እውነት ነው። ያ ብርሃን ግን ከሰም ሳይሆን ላዩ ላይ ደርቆ ከሚቀር ሽፋን ነው፤ ጫማው መታጠፍ ሲጀምር ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንሳቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሁለት የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ያዙ፤ አንዱ ለመቀባት፣ ትልቁ ለመወልወል። ጠጣር የናይለን ብሩሽ ቆዳ ይቧጭራል። ጥቁር የነካ ብሩሽ ቡናማ ጫማ አጠገብ እንዳይደርስ። አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለስፌቱ ይሆናል። ጨርቁ የጥጥ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ ካናቴራ ከምንም ይበልጣል። ስፌት ያለበትን ጠርዙን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ስፌት ሰም ላይ መስመር ይጥላል። ከዚህ ሌላ ጥጥ፣ በቆርቆሮ ክዳን ንጹሕ ውሃ፣ የቆዳ ሳሙና፣ የቆዳ ማለስለሻ ክሬም፣ የሶል ጠርዝ ቀለምና አንድ አሮጌ ስቶኪንግ ካላችሁ ሙሉ ነው።

ሥራውን መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። የቀለሙ ማሟሚያ ይሸታል፣ እሳትም ይይዛል።

አንድ፦ ክሩን አውጡ፣ አቧራውን አራግፉ

ክሩን ሳያወጡ መጥረግ ሰነፍነት ነው። ምላሱ ላይ አቧራ ይቀራል፣ ክሩ ቀለም ይጠጣል፣ በኋላ ሸሚዝ ስትነኩ እጃችሁ ይመሰክራል። ክሩ ከወጣ በኋላ ጫማው ውስጥ የእንጨት ቅርጽ መያዣ ክተቱ። ከሌለ ያልተጻፈበት ወረቀት ጨምድዳችሁ ሙሉት። ውስጡ ባዶ የሆነ ጫማ ስትጫኑት ይሰረጉዳል፤ መጨማደጃው ውስጥ የተደበቀውም አቧራ አይወጣም።

አሁን በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አራግፉ። አቧራ ስንል ደቃቅ አሸዋም ነው። ሳይራገፍ እርጥብ ጨርቅ ከነካው ቆዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሶሉና የላዩ ቆዳ የሚገናኙበትን ስፌት በጥርስ ብሩሹ ዙሩት። አብዛኛው ሰው የሚረሳው እሱን ነው፤ ፈታሽ ደግሞ አይረሳውም።

ሁለት፦ እጠቡ፣ ግን አታርሱት

ጨርቅ አርጥባችሁ በደንብ ጭመቁት። ከጨርቁ ውሃ ጠብ የሚል ከሆነ በዝቷል። ቆሻሻው ከባድ ከሆነ ጨርቁን የቆዳ ሳሙናው ላይ አንዴ ዳበስ አድርጋችሁ፣ አረፋ ሲያወጣ ጫማውን ክብ ክብ እያደረጋችሁ እሹት። ከዚያ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን አንሱ። ሳሙና ቆዳው ላይ ከቀረ ያደርቀዋል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አይሞከርም፤ የቆዳውን ቅባት ነቅሎ ነው የሚሄደው።

ነጭ የጨው ምልክት ከታየ ውሃና ነጭ ኮምጣጤ እኩል ቀላቅላችሁ በጨርቅ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፤ ከዚያ በውሃ ብቻ መልሱበት።

ጫማው ይድረቅ። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ፀሐይ ላይ፣ ማሞቂያ አጠገብ፣ ፀጉር ማድረቂያ ሥር የደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፣ ቀስ ብሎም ይሰነጠቃል። አየር የሚገባበት ጥላ ቦታ፣ በጎኑ አጋድማችሁ ተዉት። የታጠበው ማታ ከሆነ ቀለሙ ለነገ ይደር።

ሦስት፦ አሮጌውን ሰም ማንሳት፣ ካስፈለገ ብቻ

ይህን ደረጃ ሁልጊዜ የሚሠሩት አሉ። አያስፈልግም። የድሮው ሰም ለስላሳና ያልተሰነጠቀ ከሆነ የደከማችሁበት መሠረት ነውና አትንኩት። መነሳት ያለበት ሲሰነጠቅ፣ ሲቀረፍ፣ ግራጫ ሲሆን ወይም በፈሳሽ ቀለም ሲሸፈን ነው።

ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የሰም ማስለቀቂያ ይሸጣል። ከሌለ የሕክምና አልኮል ይሠራል፣ ግን በጥንቃቄ። መጀመሪያ ምላሱ ጫፍ ላይ፣ የማይታይ ቦታ፣ ሞክሩት። ጥጡን ነከር አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ ቦታ እሹ፤ ጥጡ ሲጠቁር ቀይሩት። ቀለም እስከዘላለም ይወጣል፤ ስለዚህ ነጭ ጥጥ እስክታዩ አትጠብቁ። ወፍራሙ ሰም ተነስቶ የቆዳው ተፈጥሯዊ ገጽ መታየት ከጀመረ ቁሙ። ከዚያ በላይ የሚወጣው የቆዳው የራሱ ቀለም ነው።

አራት፦ ቆዳውን መመገብ

አልኮልም ሳሙናም ቆዳ ያደርቃሉ። የቆዳ ማለስለሻ ክሬም አንድ የአተር ፍሬ ታህል ለአንድ ጫማ ትበቃለች። በጨርቅ አዳርሱ፤ መታጠፊያው ላይ ትንሽ ጨመር አድርጉ። ቢቻል ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት በብሩሽ ወልውሉት።

በየሳምንቱ ክሬም መቀባት ግን ጉዳት ነው። ቅባት የበዛበት ቆዳ ሰም አይዝም። አፍንጫው አልበራ ብሎ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ነው፤ ከሥር ዘይት አለ፣ ከላይ ሰም ይንሸራተታል።

አምስት፦ የመሠረት ቅብ

ቀለሙ የደበዘዘ ወይም የተጫረ ቦታ ካለ ክሬም ቀለሙን አሁን ቀቡ፣ አድርቁ፣ ወልውሉ። ከሌለ ቀጥታ ወደ ሰሙ።

በትንሿ ብሩሽ ወይም በጨርቅ ሰሙን ጫማው ላይ ሁሉ በስሱ አዳርሱ። ሽፋኑ ብርሃኑን የሚያጠፋ ስስ ጭጋግ መስሎ መታየት አለበት እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ጭቃ መምሰል የለበትም። 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በትልቁ ብሩሽ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ወልውሉ። ብሩሹን አትጫኑት፤ ፀጉሩ ጫፍ ብቻ ነው መሥራት ያለበት። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ድገሙት።

መታጠፊያውና ጎኑ እዚህ ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ሰም አይጨመርበትም።

ስድስት፦ ጠርዙ

የሶል ጠርዝ ቀለም የሚቀባው ከመስታወቱ በፊት ነው። ብዙ መመሪያ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔ አልስማማም። ሁለት ሰዓት የደከማችሁበት አፍንጫ ላይ አንድ ጠብታ የጠርዝ ቀለም ቢንጠባጠብ ምን ልታደርጉ ነው? አሁን ቀቡት፣ ይድረቅ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ሰም ደርቡና ወልውሉ። የተረከዙን ጠርዝ አትርሱ። ሰልፍ ላይ ከኋላ የሚቆመው ሰው የሚያየው እሱን ነው። በአሜሪካ አርሊንግተን የማይታወቀውን ወታደር መቃብር የሚጠብቁት ወታደሮች ጫማ ሶሉ ሆን ተብሎ ተደራርቦ የወፈረ ነው፤ እንዲያ ዓይነት ጫማ ላይ ጠርዙ ራሱ አንድ ትልቅ ገጽ ይሆናል።

ሰባት፦ መስታወቱ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። የብሪታኒያ ጦር ይህን ሥራ ቡሊንግ ይለዋል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ሰም፣ ውሃ፣ ጨርቅና ጊዜ ነው።

ቦታው ሁለት ብቻ ነው፦ አፍንጫውና የተረከዙ ጀርባ። ለምን ሁለቱ ብቻ? በሁለቱም ቦታ ከቆዳው ሥር ጠጣር ማጠንከሪያ ስላለ አይታጠፉም። ሌላው የጫማ ክፍል በየእርምጃው ይታጠፋል። የጠነከረ ሰም ደግሞ መታጠፍ አይወድም፤ ሦስት እርምጃ ሳትሄዱ ይሰነጠቃል፣ እየተቀረፈ ነጭ ብናኝ ይሆናል። መላ ጫማውን መስታወት ለማድረግ የሞከረ ሰው ጫማ ከመኪና ሲወርድ ጀምሮ ያስታውቃል።

ጨርቁን አመልካችና መሐል ጣታችሁ ላይ ወጠር አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ ትርፉን ከኋላ ጠምዝዛችሁ በመዳፋችሁ ያዙት። ጣቶቹ ላይ አንድም ጭምዳድ መኖር የለበትም። ጨርቁን በጣም ትንሽ ውሃ አርጥቡት፤ ስትነኩት ይቀዘቅዛል እንጂ አያረጥብም። አሁን የሰሙን ላይ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉ። ዝቆ ማውጣት የለም፤ ጨርቁ ቀለም መያዙ ይበቃል።

የሳንቲም ስፋት ያለው ቦታ ላይ ትናንሽ ክብ እየሠራችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ ላዩ ይጨልማል፣ የጣታችሁ ዱካ በክብ በክብ ይታያል። አትደንግጡ። ክቡ እስኪጠፋ ቀጥሉ፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። አፍንጫው እንዲህ ሙሉ ሲሸፈን ሌላኛውን ጫማ አንሱ፤ የመጀመሪያው እስከዚያ ይጠነክራል። ጥንዱን እያፈራረቁ መሥራት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ መጠበቅ ስልቹ አያደርጋችሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቅቦች ይህን ያህል የሚያኮሩ አይደሉም። ቀዳዳ እየሞላችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ሥራውን ይጀምራል። አንድ ጠብታ ውሃ በጣት ጫፍ አፍንጫው ላይ አስቀምጡ። ሰሙ በቂ ከሆነ ጠብታዋ አትጠፋም፤ ድብልብል ብላ ትቆማለች። ካልሆነ ጠፍጠፍ ብላ ትሰርጋለች፤ ገና ናችሁ ማለት ነው። ጠብታዋ ከቆመች በጨርቁ ያዟትና ክብ ክቡን ቀጥሉ።

ውሃው የሚሠራው ምንድን ነው? ሰምና ውሃ አይዋሃዱም። በጨርቁና በሰሙ መካከል ስስ ውሃ ሲኖር ጨርቁ ይንሸራተታል እንጂ የታችኛውን ሰም አይላጥም። አዲሱ ሰም ላዩ ላይ ብቻ እየተደለደለ ይተኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሰሙን ያጠነክረዋል፤ አንዳንዱ በረዶ የሚጨምርበት ለዚህ ነው። ምራቅም ያው ውሃ ነው። የድሮ ወታደር በምራቅ ነው የሚሠራው፤ ይሠራል፣ ንጹሕ ውሃ ካለ ግን ምራቅ ምን ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው እጃችሁ የሚነግራችሁ ነው። ጨርቁ ያዝ ያዝ ካደረገ ውሃ ጨምሩ። ውሃው እየተንከባለለ ከቀረና ምንም ካልተለወጠ ሰም ጨምሩ። በየቅቡ ሰሙን እየቀነሳችሁ፣ ውሃውን በጥቂቱ እያበዛችሁ ሂዱ። መጨረሻዎቹ ቅቦች ላይ ጨርቁ ላይ የቀረው ሰም ራሱ ይበቃል፤ ቆርቆሮውን አትነኩም። እጅ እየቀለለ ይሂድ። መጨረሻ ላይ የጣታችሁ ክብደት ብቻ ነው ማረፍ ያለበት።

አንድ ጊዜ ላይ ጭጋጉ ይነሳል። አምፖሉን አፍንጫው ላይ ታዩታላችሁ፤ መጀመሪያ ጠርዙ የደበዘዘ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ፣ ሁለት ሦስት ቅብ ቆይቶ ቅርጹ የታወቀ አምፖል ሆኖ። የመስኮቱ ፍሬም መስመር ቀጥ ብሎ ከታየ ደርሳችኋል። የተጣመመ ከሆነ ላዩ ገና አልተደለደለም።

ስንት ቅብ ይፈጃል? አዲስ ቆዳ ከ10 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። መሠረት ያለው አሮጌ ጫማ ሁለት ሦስት ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ጊዜ አንድ ሙሉ ምሽት መድቡለት። ብርሃኑ ካልመጣና ከተናደዳችሁ ተዉትና ተኙ፤ ሰሙ ሌሊቱን ጠንክሮ ያድርና ጠዋት በሁለት ቅብ የሚታዘዝበት ጊዜ ብዙ ነው።

በላይተር ሰሙን የሚያቀልጡ ሰዎች አሉ፤ ቆርቆሮው ውስጥ እሳት የሚለኩሱም አሉ። ይሄ ትርኢት ነው እንጂ ዘዴ አይደለም። ማሟሚያው እሳት ይይዛል፣ ቆዳውም ይቃጠላል። የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ አይጠገንም።

መጨረሻ ላይ ስቶኪንጉን ወጥራችሁ በጣም በቀላሉ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉት። ከዚህ በኋላ አፍንጫውን በጣት መንካት ክልክል ነው፤ የጣት ቅባት አሻራ ይጥላል። ክሩን ንጹሕና ሳይጣመም መልሱት፤ ጫማውን ስትይዙም ከውስጥ ያዙት።

ሲበላሽ

መስመር መስመር ካሳየ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ ጭምዳድ አለ ወይም ብናኝ ገብቷል። ጨርቁን ቀይሩ፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያለ ሰም ዙሩበት፤ ካልጠፋ ሌላ ስስ ቅብ።

ደብዛዛና የሚጣበቅ ከሆነ ሰም በዝቷል። መጨመር አይደለም የሚያስፈልገው። ለጥቂት ሰዓታት ተዉት፣ በብሩሽ ትርፉን አንሱ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ እየተጠቀማችሁ ተመለሱበት። ክፍሉ በጣም ከሞቀም ሰሙ አይጠነክርም፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልጉ።

በትንሹ ከተጫረ ጭረቱ ሰሙ ላይ ነው ወይስ ቆዳው ላይ? በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር ካልያዘው ሰሙ ላይ ነው፤ ሁለት ቅብ በውሃ ይሞላዋል። ጥፍር ከያዘው ቆዳው ራሱ ተነክቷል፤ ክሬም ቀለም ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከመሠረቱ ጀምሩ።

በቀኑ

ጫማውን የመጨረሻ አድርጉት፤ ሱሪው ከተለበሰ፣ ቀበቶው ከታሰረ በኋላ። መኪና የምትነዱ ከሆነ በሌላ ጫማ ንዱ። የቀኝ ተረከዝ ጀርባ ከመኪናው ምንጣፍ ጋር እየተፋተገ ነው የሚላጠው። በረንዳ ላይ ቁጢጥ አትበሉ፣ አትንበርከኩ፤ ጣቶቻችሁ ሲታጠፉ የአፍንጫው ሥር ይሰነጠቃል። ኪሳችሁ ውስጥ በትንሽ ፌስታል የተጠቀለለ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይኑር። አቧራ ካረፈበት መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ከዚያ ጨርቁን ነካ አድርጉት። ደረቅ አቧራ ላይ ማሸት የሌሊቱን ሥራ በአንድ ደቂቃ ያጠፋል። ዝናብ ካገኛችሁ ውሃውን በጨርቅ ዳበስ እያደረጋችሁ አስጠጡት እንጂ አትጥረጉት።

ስትመለሱ ቅርጽ መያዣውን ክተቱና ቢያንስ አንድ ቀን አሳርፉት፤ እግር ያላበው ቆዳ እርጥበቱን ለመልቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ። ፌስታል አይሆንም፣ ያሻግታል። በሳምንት አንዴ አፍንጫውን በአንድ ጠብታ ውሃና በሰም የነካ ጨርቅ ብትዞሩት ሌላ ትልቅ ሥራ አይጠብቃችሁም።

ሰሙ አንድ ቀን መሰንጠቁ ግን አይቀርም። ያኔ ስንጥቁ ላይ ሰም አትለድፉ፤ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱና አንሱት። የተሰነጠቀው የአንዱ ጫማ አፍንጫ ብቻ ቢሆንም የሁለቱንም አንሱ። አዲስና አሮጌ ሰም ጎን ለጎን ሲቆሙ የጥቁረታቸው ልዩነት ከሩቅ ይታያል።